ስማችን መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ

(በአረቅጥ ከተማ በተከበረው የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ድንች ዘር ብዜት ወይም ስለ ገብስ በሽታ ንግግር እንዳቀርብ ይጋብዘኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "መረጃን ማቀናበር ማለት ምን ማለት ነው? ከግል ምሥጢርና ከሳይበር ደኅንነት ጋርስ ምን ያገናኘዋል?" የሚል ርዕስ ተሰጠኝ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዩኒየናችን የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ዝግጅት ላይ ይገኛል። በአዲሱ ቅጽ ላይ የስልክ ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር የሚሞላባቸው ቦታዎች ተጨምረዋል። ቅጹን ይዘን በየቤቱ የምንዞረው ደግሞ በአብዛኛው እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ነን። በመሆኑም የምናገረው ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ከተመረቅሁ ጀምሮ በየዕለቱ በእጄ ስለሚያልፍ ነገር ነው።

ማቀናበር የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ነው። ሥራው ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። እናቶቻችን ቆጮ አዘጋጁ ሲባል እንሰቱን ፋቁ ማለት ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ቅጠል ይነጠፋል፣ የተፋቀው ይቀበራል፣ በየጊዜው ተከፍቶ ይታያል፣ ቅጠሉ ይለወጣል፣ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ይጋገራል፣ የተረፈውም ገበያ ይወጣል። መረጃም እንደዚሁ ነው። እኔ ደብተሬን አውጥቼ "ስምዎ ማን ነው? መሬትዎስ ምን ያህል ነው?" ብዬ ስጠይቅ ማቀናበሩ ተጀምሯል። መጻፌ፣ ደብተሩን ቤቴ ማሳደሬ፣ ለወረዳ ማስተላለፌ፣ ሌላ ሰው ማንበቡ፣ ስሕተቱ መታረሙ፣ ከሌላ መዝገብ ጋር መያያዙ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም መላኩ፣ በመጨረሻም መቃጠሉ ወይም መሰረዙ ሁሉ ማቀናበር ነው። ማንም ሳይነካው ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት መቀመጡ እንኳ ሳይቀር ማቀናበር ይባላል።

ይህን ሰፊ ትርጉም እኔ አላመጣሁትም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መብቱን ወደ መዝገብና ወደ ኮምፒውተር አወረደው። አዋጁ ማቀናበር የሚለውን ከመሰብሰብ እስከ ማጥፋት ያለውን ሥራ ሁሉ እንዲይዝ አድርጎ ነው የሚተረጉመው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ አስቀድሞ ይናገራል፤ ለተናገረው ዓላማ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠይቅም፤ ትክክለኛነቱን ይጠብቃል፤ ሥራው ሲያልቅ አያቆየውም፤ እጁ ላይ እስካለ ድረስም ደኅንነቱን ይጠብቃል። ባለቤቱ በበኩሉ "ስለ እኔ ምን ጽፋችኋል? አሳዩኝ" የማለትና ስሕተት ካለ የማሳረም መብት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። መረጃ መሰብሰብ ክፉ ነገር ነው ለማለት አልመጣሁም። እንዲያውም ገበሬው ከማንም በላይ የሚጎዳው መረጃው ሳይሰበሰብ ሲቀር ነው። የማዳበሪያን ጉዳይ እንውሰድ። በየቀበሌው እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ለመጪው መኸር ስንት ኩንታል ዩሪያ እንደሚፈልጉ እንጠይቃለን። የቀበሌው ድምር ወደ ወረዳ፣ የወረዳው ወደ ዞን፣ ከዚያም ወደ ክልልና ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይሄዳል። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ የሚገዛው ይህን ድምር መሠረት አድርጎ ነው፤ መርከቡ ጂቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ ጭነቱም በመጨረሻ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን በኩል እጃችሁ ይገባል። እንግዲህ ከጉመር ተራራ ላይ አንድ ገበሬ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ፈርቶ የመሬቱን ስፋት ቢቀንስ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ቢያደርግ፣ ጉድለቱ የሚታየው በሰኔ መጋዘኑ በር ላይ ነው። ሰው እውነቱን የሚናገረው ደግሞ የተናገረው ነገር የት እንደሚሄድ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ምሥጢር መጠበቅ ለሥራችን እንቅፋት የሚሆን አይመስለኝም፤ ትክክለኛ ቁጥር የምናገኝበት መንገድ ነው።

ታዲያ በዚህ የማዳበሪያ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ዓይነት መረጃ አለ። ቀበሌው በጠቅላላው ይህን ያህል ኩንታል ይፈልጋል የሚለው ድምር የማንንም ሰው ጓዳ አይከፍትም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የእገሌ መሬት ግማሽ ሄክታር ነው፣ የእገሊት ያለፈው ዓመት ዕዳ አልተከፈለም የሚለው ግን የግል መረጃ ነው። ከወረዳ በላይ ያለ አካል አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። እኛ ግን ለመቁጠር ስንሰንፍ ሁለተኛውን፣ ሙሉውን የስም ዝርዝር፣ ፎቶ አንሥተን እንልካለን። የእኔ ትዝብት ይህ ነው፤ መረጃ ከሚባክንባቸው ምክንያቶች ትልቁ ስንፍና ነው።

ከሁሉም በላይ ልታስቡበት የሚገባ የምለው ግን ማያያዝ የሚባለውን ሥራ ነው። በአንድ ገበሬ ስም ስንት መዝገብ እንዳለ ቁጠሩ። የመሬት ደብተሩ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አለ። የዕጣና የብድር መዝገቡ በማኅበሩ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያው በጤና በኩል ተይዟል። የገንዘብ ዝውውሩ በባንክ ወይም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ላይ አለ። እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው ሲታይ ከአንድ ሥራ አያልፍም። አራቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገኘ ሰው ግን ይህ ገበሬ ስንት መሬት እንዳለው፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሕመም መኖር አለመኖሩን፣ ከተማ ያለው ልጁ በየስንት ጊዜው ብር እንደሚልክለት ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ደላላ የባሕር ዛፍ ዋጋ ሊደራደር ሲመጣ ገበሬው መቼ እንደተቸገረና በስንት ብር እጁን እንደሚሰጥ አውቆ ነው የሚመጣው። ስንት ጉድጓድ ቆጮ እንዳለው ለመንገደኛ የሚዘረዝር አባወራ በአገራችን አይገኝም። ዛሬ ግን ጉድጓዱን የሚቆጥረው መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ድሮ አራቱን መዝገቦች ለማገናኘት ሰው አራት ቢሮ መዞር ነበረበት። ስሞቹም አይገጥሙም ነበር። አሁን አንድ ቁጥር ሁሉንም ሊያገናኝ ይችላል። ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ነው። ሲመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ጥቅሙን አልክድም፤ መታወቂያ አጥቶ ባንክ ቤት በር ላይ ይመለስ ለነበረ የገጠር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ በአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ መውሰድንም ያስቀራል። አንድ ሌላም የምወድለት ነገር አለ፤ ብሔርንና ሃይማኖትን አይጠይቅም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሩዋንዳ ውስጥ በቅኝ ገዥዎች ዘመን መታወቂያ ላይ የተጻፈች አንዲት የጎሣ መስመር፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1986 ዓ.ም. በየመንገዱ ኬላ ላይ የሰው ሕይወት የሚጠፋባት ሆናለች። መስመሯ ስትታተም ማንም ለዚህ ብሎ አላተማትም ይሆናል። ስለዚህ ቅጻችን ላይ "ለወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል" እየተባለ የሚጨመር አምድ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ይጠየቅ።

ከዚህ ሳልወጣ ስለ አሻራ አንድ ቃል ልጨምር። የስልካችሁ የይለፍ ቁጥር ቢሰረቅ ትለውጡታላችሁ። ጣታችሁን ግን መለወጥ አትችሉም። ስለዚህ ማኅበራችን የፋይዳ ቁጥር ቢጠይቅ እንኳ የአሻራ ምስል በራሱ ኮምፒውተር የሚያስቀምጥበት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ አንድ ሁላችሁም ወደ ሰማችሁት ጉዳይ ልውሰዳችሁ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ከዚያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ ሲስተም እክል መሆኑን ገለጸ። እንግዲህ የሳይበር ደኅንነት ሲባል ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ሌባ ብቻ እንዳይታየን፤ የራስ ቤት አሠራር ሲበላሽም ያው ጉዳት ይደርሳል። ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልሱ ደጋግሞ ካሳሰበ በኋላ አልመለሱም ያላቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስም ይፋ አደረገ፤ ፎቶግራፋቸውም በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። የሕዝብ ገንዘብ ነውና መመለስ ነበረበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ስማቸውንና ፎቷቸውን የሰጡት ሒሳብ ለመክፈት ነበር። ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ ያው መረጃ ለሌላ ዓላማ ዋለ። ዕዳው በተከፈለ ማግሥት ወረቀቱ ከግድግዳ ይነሣል፤ በሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ፎቶ ግን ማን ያነሣዋል? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አዋጅ 1321 የጸደቀው በዚያው ዓመት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ እንድናስብበት ያደርጋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ባንኩ ለመፍረድ አይደለም። የግብዓት ብድር ያልከፈሉ አባላት ስም ዝርዝር መጋዘን በር ላይ የሚለጠፍበት ማኅበር ስለማውቅ ነው። ኮሚቴው "ይፈርና ይክፈል" ይላል። አንዳንዱም ይከፍላል። ከተለጠፉት ውስጥ ባሏ ሞቶባት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ወረቀት እየጠበቀች ያለች እናት ልትኖር ትችላለች፤ ከፍሎ ደረሰኙ ያልተመዘገበለትም ሊኖር ይችላል። በአካባቢያችን አለመግባባት ሲነሣ ሽማግሌዎች ሰውየውን ጠርተው በዛፍ ጥላ ሥር ያነጋግሩታል እንጂ ነገሩን መጀመሪያ ገበያ ላይ አያሰሙበትም። ዕዳን በተመለከተም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላየሁም።

አንዲት እናት ባለፈው የመኸር ወቅት ወደ ገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላችን መጥተው እንዲህ አሉኝ። "አንድ ሰው ደውሎ ስሜን ጠራኝ። ስንት ኩንታል እንደወሰድኩ ነገረኝ። ከመንግሥት ተመላሽ አለዎት፣ በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ አለኝ። ስሜንና ኩንታሉን ካወቀ እውነተኛ ነው ብዬ ልነግረው ስል ልጄ ስልኩን ቀማኝ።" የደወለው ሰው ዝርዝሩን ከየት እንዳገኘው እኔም ልደርስበት አልቻልኩም። ነገር ግን አስተውሉ፤ ሰውየው ኮምፒውተር የሚሰብር የረቀቀ ችሎታ አላስፈለገውም። በሩን የከፈተለት ስም፣ ስልክ ቁጥርና ኩንታል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው። በነገራችን ላይ ባንክም ሆነ ቴሌ በስልካችሁ የሚገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ደውሎ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጉት። እንዲህ ያለው ማጭበርበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነውና ለፖሊስ አሳውቁ።

ምሥጢር መጠበቅ ከደኅንነት ሥራ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። መረጃው ትክክል መሆንና በተፈለገ ጊዜ መገኘትም አለበት። ስለ ትክክለኛነት አንድ የራሳችን የሆነ ችግር ላንሣ። ፊደላችን አንድ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ሆሄያት አሉት። አንዱ ጸሐፊ "ሐሰን" ይላል፣ ሌላው "ሀሰን"፣ ሦስተኛው "ሃሰን"። ለሰው ሦስቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። "ኃይሌ" እና "ሀይሌ"ም እንደዚሁ። ዕድሜን አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ሲጽፈው በሰውየው ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የትርፍ ክፍፍል ቀን "ስምዎ የለም" የሚባሉት አባት ስማቸው አለ፤ በሌላ ሀ ነው የተጻፈው። ስለዚህ አንድ አባል ስለ ራሱ የተጻፈውን የማየት መብት አለው ሲባል የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ብሩ የሚወጣው በዚያ መስመር ነው። ማንበብ ለማይችሉ አባላትም ጮክ ተብሎ፣ ግን ለብቻቸው፣ ሊነበብላቸው ይገባል።

የመገኘቱን ነገር ደግሞ ከእኔ ይልቅ አባቶች ያውቁታል። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረት ተዘርፏል፣ ተበታትኗል። መጋዘን ሲሰበር መዝገብም አብሮ ሲጠፋ፣ ማን ምን ያህል ዕጣ እንደነበረው በምን ይረጋገጣል? ዛሬ መዝገቡን የሚያጠፋው ዘራፊ ላይሆን ይችላል። ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የመጣ ቫይረስ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ወይም የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ብቻውን ይዞ የለቀቀ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት መዝገባቸውን በአግባቡ እንዲይዙና ሒሳባቸውን እንዲያስመረምሩ ያዛል። መዝገቡ ከጠፋ ኦዲተሩ ምኑን ይመረምራል?

እንግዲህ ለዛሬው ጉባኤ የምጠይቀውን ልንገራችሁ። አንደኛው መጋዘን በር ላይ የስም ዝርዝር መለጠፍና የአባላትን ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን መላክ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ድምሩ ይለጠፍ፤ ዕዳ ያለበት በግል ይጠራ። ከዚህ ቀጥሎ አዲሱ ቅጽ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱ አምድ ለምን እንደሚጠየቅ በአንድ መስመር ይጻፍበት፤ ምክንያት የማይገኝለት አምድ ይውጣ። የፋይዳ ቁጥርን በተመለከተ እኔ በግሌ ገንዘብ በሚከፈልበት ቦታ ብቻ ይሁን እላለሁ፤ የሥራ አመራር ቦርዱ የተለየ ሐሳብ ካለው ለአባላት ያስረዳ። መዝገቡን ማን ይከፍታል የሚለውም በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ጸሐፊውና ሒሳብ ሠራተኛው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የይለፍ ቃል ይኑራቸው፤ የሁሉም መግቢያ የሆነ አንድ ቃል ወረቀት ላይ ተጽፎ ስክሪኑ ላይ አይለጠፍ። ቅጂው በየወሩ ተወስዶ ከዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ውጭ በሌላ ቁልፍ ሥር ይቀመጥ። መረጃ ቢያመልጥ ደግሞ ሕጉ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር የሚሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ብቻ ነው፤ ያን ቀን ማን እንደሚያሳውቅ ከአሁኑ ስሙ ይታወቅ።

የወረዳችን የሥራ ኃላፊዎችንም በአክብሮት የምጠይቀው አለ። ሪፖርት ስትጠይቁን ድምር የሚበቃ ከሆነ ድምር ጠይቁን። የስም ዝርዝር ሲያስፈልግ በደብዳቤ ይሁን፤ ለምን ሥራ እንደሆነም ይጻፍበት። እኛ የልማት ሠራተኞች አለቃ በስልክ "ቶሎ ላክ" ሲለን ለመከልከል አቅም የለንም፤ ደብዳቤው እኛንም ገበሬውንም ይጠብቃል።

አሮጌዎቹ ደብተሮች ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጡ በኋላ የት ይሄዳሉ የሚለው እስካሁን አልተወሰነም። በሱቅ የስኳር መጠቅለያ ሆነው እንዳናገኛቸው ቦርዱ ከዛሬው ስብሰባ ሳይወጣ ቢወስን መልካም ነው። የቅጹ ረቂቅ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ማንበብ የምትፈልጉ ውሰዱ፣ እንዲነበብላችሁ የምትፈልጉ ደግሞ ከምሳ በኋላ እዚያው ታገኙኛላችሁ።